ሦስት ክንድ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሰው መንገድ ላይ ሲንሸራተት የሚደረገው ነገር የታወቀ ነው። በአቅራቢያው ያለ ሁሉ ሦስት ክንድ ወደኋላ ይላል፤ መዳፉን ከፍቶ ደረቱ ፊት ይዘረጋል፤ መጀመሪያ የወደቀውን ሰው እጆች፣ ቀጥሎ ደግሞ ከወደቀው ሰው ጀርባ ማን እንዳለ ያያል። መውደቅ የቆየ ማጥመጃ ነውና። የወደቀው ሰው በራሱ ተነስቶ፣ ሁለቱንም እጁን አሳይቶ «ደህና ነኝ» ሲል ሁሉም ወደ መንገዱ ይመለሳል። ልጆች ይህንን የሚማሩት ከፊደል በፊት ነው።

ወይዘሮ ፌቨን ግን አልሆነላቸውም። በጥቅምት መጨረሻ፣ አመዳይ በጣለበት አንድ ማለዳ፣ ጠባሴ ሰፈር ካለው ዳቦ ቤት ፊት ለፊት አንድ ሰውዬ ተንሸራቶ በጎኑ ወደቀ። ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ የተሰለፈው ሰው ሁሉ የሚገባውን አደረገ። ወይዘሮ ፌቨን ብቻ የዳቦ ከረጢታቸውን ጥለው «እኔን! እኔን ይድፋኝ!» እያሉ ሄደው ክንዱን ያዙት። ይህም አልበቃ ብሏቸው ጎንበስ ብለው ሱሪውን አራገፉለት፤ ጀርባቸውን ለመንገዱ ሁሉ ሰጥተው።

ሰውዬው ምንም አላደረጋቸውም። ተንሸራቶ የወደቀ ሰው ነበር፤ እንዲያውም ከሳቸው ይልቅ የደነገጠው እሱ ነው፤ ሁለት እጁን እያሳየ «እማማ ይራቁ፣ እባክዎ ይራቁ» ሲላቸው ነበር። ይህ ግን ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት የለውም። የንቃት ጽሕፈት ቤት የሚመዘግበው የሆነውን ሳይሆን ሊሆን ይችል የነበረውን ነው።

ጥፋቱ ሁለተኛቸው ነበር። የመጀመሪያው በክረምት አውቶቡስ ውስጥ ተፈጸመ፤ እንቅልፍ ጣላቸውና ራሳቸውን አጠገባቸው በተቀመጠች የማያውቋት ልጅ ትከሻ ላይ አሳርፈው ተኙ። ልጅቷ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ድረስ ሳትተነፍስ ደርቃ ቀርታለች ይባላል። ከሁለት ጥፋት በኋላ የሚመጣው ፈተና ነው። ፈተናውን ያላለፈ «ዝንጉ» ተብሎ ይመደብና በአንኮበር መንገድ ወዳለው የእፎይታ መንደር ይወሰዳል። መንደሩ ጥሩ ነው ይላሉ። አጥር አለው፣ ሐኪም አለው፣ ትኩስ ሾርባ አለው። ዘመድም በመስታወት ማዶ ሆኖ ሊጠይቅ ይችላል።

ልጃቸው ኤልዳና ነገሩን የሰማችው ከበራፏ ላይ ነው። የሰፈሩ የንቃት ሠራተኛ ትሑት ወጣት ነው። አንኳኩቶ፣ ሦስት ክንድ ወደኋላ ብሎ፣ ጀርባውን ለደረጃው ግድግዳ ሰጥቶ፣ መዳፎቹን ዘርግቶ ጠበቃት።

«እናትሽን እንወዳቸዋለን» አላት። «ሰፈሩ ሁሉ ይወዳቸዋል። ግን ነገ አንድ ነገር ቢደርስባቸው ማን ይጠየቃል? ራሳቸው ናቸው የሚጠየቁት። ለምን አላዩም፣ ለምን ተጠጉ ይባላሉ። በዚህ ዕድሜያቸው እንደዚያ ሲሆኑ ማየት አልፈልግም።»

«አንድ ሰው ነው እኮ ያነሳችው።»

«አውቃለሁ። እኔም ብወድቅ ያነሱኛል። ችግሩ እሱ ነው።»

ፈተናው ከገና በፊት እንደሚሆን ነገራት፤ ከዚያም ዓይኑን ከሷ ላይ ሳያነሳ ደረጃውን የኋሊት ወረደ። ደረጃ የኋሊት መውረድ በዚህ ከተማ ማንም ይችልበታል።

ኤልዳና ጋቢ ላይ መስኮት የምትሰፋ ሴት ናት። የደብረ ብርሃን ብርድ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጋቢው ነው። እጁን ጋቢ ውስጥ የደበቀ ሰው ምን እንደያዘ አይታወቅም፤ ስለዚህ ደረት ላይ፣ እጆች በሚታጠፉበት ቦታ፣ እንደ መስታወት የሚያሳይ ስስ ላስቲክ ይገባል። አቅሙ ያለው ባለመስኮት ጋቢ ይለብሳል። አቅም የሌለው እጁን ውጭ አውጥቶ ይሄዳል። መስኮቱም ቢሆን እምብዛም አያሞቅም፤ ከኅዳር እስከ ጥር በዚህ ከተማ ጣቱ ደህና አድርጎ የሚሰማው ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ኤልዳና ቀኑን ሙሉ ላስቲክ ስትቆርጥና ስትሰፋ ውላ ወደ ቤት ስትገባ ቁልፍ እንኳን ማዞር ያቅታታል።

ማታ ማታ ታዲያ ወይዘሮ ፌቨን የልጃቸውን እጆች ይዘው ይተሻሉ። ትንፋሻቸውን እፍ ይሉበታል፤ በብብታቸው ሥር ይከቱታል። ኤልዳና አርባን አልፋለች፤ ባሏም ከሄደ ቆይቷል። ከእናቷ ሌላ በዚህ ዓለም ላይ የሚነካት ሰው የለም። ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው የሚኖረው፤ ግን ሰው ሁሉ እንዲሁ መኖሩ ፍርሃቷን አላቀለለላትም። እናቷ ከሄዱ በእጇ ላይ የሌላ ሰው እጅ ሳያርፍበት እንደምታረጅ ገባት፤ ፈራችም።

አሰልጣኝ ናሆም አረጋውያንን የሚያሠለጥነው ድሮ ሲኒማ ቤት በነበረ አዳራሽ ውስጥ ነው። ወንበሮቹ ተነቅለው ግድግዳውን ተከትለው ዙሪያውን ተደርድረዋል፤ መሐሉ ባዶ ነው። ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ጫማቸውን እያንሸራተቱ ይለማመዳሉ። ሲገቡ መውጫውን፣ ሲቀመጡ የሰዎችን እጆች፣ ሲነሱ ጀርባቸውን እንዲያዩ ይነገራቸዋል። ነጠላቸው የተያያዘው በደካማ ክር ነው፤ የሚጎትት ቢመጣ ነጠላው እጁ ላይ ይቀራል። ድምፅ የማውጣት ልምምድም አለ።

«ራቅ! ቁም!» ብሎ ጮኸ ናሆም። «አንድ ላይ!»

«ራቅ! ቁም!» አሉ አረጋውያኑ።

«እማማ ፌቨን፣ እርስዎ ምን አሉ?»

«ተው እንጂ ልጄ፣ ነው ያልኩት።»

«ልጄ አይባልም። አጥቂ ነው።»

«አጥቂም ቢሆን የሰው ልጅ ነው እንግዲህ።»

ናሆም ሳቁን ዋጠ። ስፖንጅ የለበሰ ረዳቱን ወደሳቸው ላከው፤ በክርን እንዲመቱት አዘዛቸው። ወይዘሮ ፌቨን ክንዳቸው ደህና ብርቱ ነው፤ ረዳቱ ሁለት እርምጃ ተንገዳገደ። እሳቸውም ተከትለው ሄደው ደረቱን ያዙለት። «አመመህ የኔ ጌታ?» አሉት። አዳራሹ ሳቀ፤ ኤልዳና ብቻ ግድግዳዋን ተደግፋ አልሳቀችም።

ሲወጡ ናሆም ወደ ኤልዳና እስከ ሦስት ክንድ ቀረብ ብሎ በዝግታ ተናገረ። «ሌላው ይስተካከላል። ዓይናቸው ጥሩ ነው፤ ጆሯቸውም ጥሩ ነው። ሰው ሲወድቅ ካዩ ግን እግራቸው አይታዘዝም። የፈተናው መጨረሻ ደግሞ ሁልጊዜ ወዳቂ ነው። እቤት ውደቂላቸው።»

«እንዴት?»

«በቃ ውደቂ። ሳይጠብቁሽ። እስኪለምዱ ድረስ።»

ኤልዳና መውደቅ ጀመረች። መጀመሪያ ከኩሽና ስትወጣ በራፉ ላይ ዘፍ አለች። እናቷ «እኔን ልጄን!» ብለው ማንኪያውን ወርውረው ተንበረከኩ፤ ራሷን ደገፉ፤ ጉልበቷን ዳሰሱ።

«እማ፣ ልምምድ ነው።»

«የምን ልምምድ? ጉልበትሽን ሰበርሽው እኮ!»

በማግስቱ መተላለፊያው ላይ ወደቀች፤ ሌላ ቀን ደግሞ አልጋው ሥር። ሁልጊዜ ያው ነው። እናቷ ይሮጣሉ፣ ያነሷታል፣ ቅባት አምጥተው ያሿታል፤ ከዚያም ይቆጧታል። የጎረቤት ሰዎች በየቀኑ የሚሰማውን ድብደባ የመሰለ ድምፅ ለጽሕፈት ቤቱ ጠቁመው ነበር፤ ለፈተና ዝግጅት መሆኑ ሲታወቅ ተመሰገነች።

«እማ፣ ለምን አትቆሚም?» አለቻቸው አንድ ምሽት ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች። «ማስመሰል እንደሆነ ታውቂያለሽ አይደል?»

«አውቄ ነው እንዴ የምመጣው? እግሬ ነው የሚያመጣኝ።»

«እግርሽን ያዢዋ!»

«እሺ ልያዘው፤ ግን አንቺ የእውነት የወደቅሽ ዕለትስ?»

ኤልዳና የፈራችውን ነገር ተናገረች። «እማ፣ እዚያ ከወሰዱሽ እኔ ብቻዬን ነኝ። ገብቶሻል? እዚህ ቤት ውስጥ ብቻዬን ነው የምቀረው። በመስታወት እያየሁሽ መኖር አልችልም። እኔ አልችልም።»

አለቀሰች። ወይዘሮ ፌቨን አዩዋት። ልጃቸው ስታለቅስ ካዩ ዓመታት አልፈዋል፤ ያለቀሰ ሰው ዓይኑ ስለሚጋረድ በዚህ ዘመን ለቅሶ ቤት እንኳን የሚለቀሰው በየተራ ነው።

«ብቻሽን ትቀሪያለሽ ነው የምትዪኝ?»

«አዎ።»

ወይዘሮ ፌቨን ነጠላቸውን አስተካክለው ግድግዳውን ያዙ። «እሺ» አሉ። «በይ ተነሺና ውደቂ።»

ኤልዳና ተነስታ ወደቀች። እናቷ ወደፊት አንድ እርምጃ ሄደው ቆሙ። ደግማ ወደቀች። በማግስቱም ወደቀች፤ በሣምንቱም። ከዚያ አንድ ቀን በሩ አጠገብ በጎኗ ስትዘረጋ የእናቷ ነጠላ ጫማ ወደኋላ ሲንሸራተት ሰማች፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ቀና ብላ አየች። ወይዘሮ ፌቨን ግድግዳውን ታክከው፣ መዳፋቸውን ከፍተው ቆመዋል። ከንፈራቸው የሆነ ነገር ይላል፤ ድምፅ ግን የለውም።

«እንዲህ ነው?»

«እንዲህ ነው፣ እማ። ጎበዝ።»

ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ደስ አላላትም። ከወለሉ ለመነሳት ረጅም ጊዜ ወሰደባት፤ የሚያነሳት አልነበረምና።

ፈተናው የሚሰጠው በጣሪያ ሥር በተሠራ መንገድ ላይ ነው። ዳቦ ቤት የሚመስል ዳቦ ቤት፣ ፌርማታ የሚመስል ፌርማታ፣ አንድ የላስቲክ ዛፍ አለው። ቤተሰብ በመስታወት ማዶ ሆኖ ያያል፤ ድምፅ ግን ወደ ውስጥም ወደ ውጭም አያልፍም። ወይዘሮ ፌቨንና ኤልዳና ተራቸውን ከውጭ ሲጠብቁ አንድ ጎኑና ጉልበቱ ላይ ስፖንጅ የለበሰ ቀጭን ሰው ከበሩ ወጥቶ መዳፎቹን አሳያቸው። ሚኪያስ እባላለሁ አለ። ሃምሳ ዓመት ቢሆነው ነው።

«እኔ ነኝ የምወድቀው» አላቸው በዝግታ። «መንገር አይፈቀድም፣ ግን እነግርዎታለሁ። እንዳይመጡ እማማ፣ አደራዎን። ስንቷ እናት በኔ ምክንያት እንደሄደች አይጠይቁኝ። ሮጠው መጥተው ሲያቅፉኝ እኮ መናገር እንኳን አልችልም።»

«አያምህም ስትወድቅ?»

«ለምጄዋለሁ። ጎኔ ደንድኗል።»

«ቁርስ በልተሃል?»

ሰውዬው ፈገግ አለ። «ስጨርስ እበላለሁ። ሆድ ሞልቶ መውደቅ አይመችም፤ ዛሬ ደግሞ ተፈታኝ በዝቷል።»

«እንዲህማ አይሆንም» አሉና ወይዘሮ ፌቨን ከረጢታቸውን መክፈት ሲጀምሩ ኤልዳና ክንዳቸውን ያዘች። ጠጋ ብሎ ምግብ መስጠት ገና ሳይገቡ ከፈተናው ሊጥላቸው ነው። ወይዘሮ ፌቨን ከረጢቱን ዘጉት። ሚኪያስም ገባው፤ መዳፉን ደግሞ አሳይቶ ወደ ውስጥ ተመለሰ።

ወይዘሮ ፌቨን በሚገርም ሁኔታ ተፈተኑ። ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው ሄዱ። ማዕዘን ሲደርሱ ሰፋ አድርገው ዞሩ። ሰዓት ለሚጠይቅ ሰው ሰዓታቸውን ሳያዩ «አላውቅም፣ ራቅ!» አሉ፤ «ልጄ» አላሉም። ዕቃ ጥላ የምታነሳ ሴት አጠገባቸው ጎንበስ ስትል መንገድ ተሻገሩ። አንድ ሕፃን ጠፋሁ ብሎ ሲያለቅስ እጁን እያዩ በሩቁ መንገድ ጠቆሙት። ኤልዳና መስታወቱን ተደግፋ ታያለች። ከጎኗ ሦስት ክንድ ርቆ የሌላ ተፈታኝ ልጅ የሆነ ሰው ቆሟል፤ «እናትሽ ናቸው? ታድለሽ» አላት።

መጨረሻ ላይ ሚኪያስ ከዳቦ ቤቱ በር ወጥቶ ሁለት እርምጃ ሄዶ ወደቀ።

ወይዘሮ ፌቨን ወደኋላ አሉ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስት ክንድ። መዳፋቸውን ዘረጉ። እጁን አዩ፤ ከጀርባው አዩ። ከላይ አረንጓዴው መብራት በራ። ኤልዳና ዓይኗን ጨፍና ገለጠች፤ እፎይ አለች።

ሚኪያስ አልተነሳም።

በወገቡ ላይ ተጣጥፎ ቀረ። አንድ እጁ ተከፈተ፣ ተጨበጠ፣ ተከፈተ። በመስታወቱ ማዶ ያሉት የውስጡ ድምፅ ማጉያ ምን እንዳለ ከመስታወቱ በላይ ከሚያልፈው ጽሑፍ አነበቡ፤ ተፈታኝ አቋምዎን ይጠብቁ፣ ወዳቂው ተነስቶ እጁን ሳያሳይ ፈተናው አይዘጋም ይላል።

«ዘንድሮ አጥብቀውታል» አለ ከጎኗ ያለው ሰው።

ወይዘሮ ፌቨን የሰውዬውን እጅ ያያሉ። እጅ እንዲያዩ ነው ያሠለጠኗቸው። ኤልዳናም ታያለች። እጁ ላይ ያለው ቀለም ልክ አይደለም፤ ጥፍሩ ተለውጧል። ሥራዋ ቀኑን ሙሉ በመስኮት ውስጥ የሚታይ እጅ ነው፤ የበረደውን እጅ ከታመመው ትለያለች። ሰውዬው እያስመሰለ እንዳልሆነ ታውቃለች። ይህንን በኋላም ለራሷ አልካደችም።

እናቷ ቀስ ብለው ወደ መስታወቱ ዞሩ። በተደረደሩት ፊቶች መሐል ልጃቸውን ፈለጉ፤ አገኟት። አገጫቸውን ወደ ወደቀው ሰው ቀና አድርገው ጠየቋት። ልሂድ ወይ ነው ጥያቄው፤ ሌላ ሊሆን አይችልም።

ኤልዳና ራሷን ነቀነቀች። በጣም ትንሽ ነው የነቀነቀችው፤ አጠገቧ ያለው ሰው እንኳን አላየም። አትሂጂ ማለቷ ነበር።

የወይዘሮ ፌቨን ቀኝ እግር ከመሬት ተነስቶ ነበር፤ ተመልሶ አረፈ። መዳፋቸውን እንደዘረጉ ቆሙ። እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ፤ መዳፋቸው ግን አልተነቃነቀም። ፈታኞቹ ይህንን በጥሩ ጎኑ መዘገቡላቸው። ስሜታቸው እየረበሻቸው አቋማቸውን መጠበቃቸው በከተማው ብርቅ ነው ተብሏል።

የወደቀ ሰው እንዲያነሱ የተፈቀደላቸው አንሺዎች የነበሩት ሌላኛው ሕንፃ ውስጥ ነው። ሲመጡ ጋሻቸውን አስቀድመው፣ በሥርዓቱ ተራምደው፣ ሁለቱንም እጁን በዘንግ ገልጠው አይተው፣ ከዚያ ነው ያገላበጡት። በቃሬዛ ይዘውት ወጡ። ፈተናው ተዘጋ። ወይዘሮ ፌቨን «ንቁ፣ አንደኛ ደረጃ» ተባሉ፤ ያሉት ፈታኞች ቆመው አጨበጨቡላቸው።

ሲመለሱ ወይዘሮ ፌቨን በአውቶቡሱ ውስጥ ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው፣ እጃቸውን ከጋቢያቸው አውጥተው ተቀመጡ። አልተኙም።

«ሞቶ ይሆን?» አሉ ጠባሴ ሲደርሱ።

«አላውቅም፣ እማ። ሐኪም አላቸው።»

ቤት ገብተው ኤልዳና ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ እንደ ልማዷ እጆቿን ዘረጋች። እናቷ ከወዲያ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል።

«እጄ በርዶኛል» አለች ኤልዳና።

«እሳቱን ሙቂ» አሏት።

በማግስቱ ማለዳ ኤልዳና ከሥራ አስፈቅዳ እናቷን የደረጃቸውን መታወቂያ ለመቀበል ወደ ንቃት ጽሕፈት ቤት ወሰደቻቸው። በሩ ላይ አዲስ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ወዳቂ እንፈልጋለን ይላል፤ ጤናማ፣ ልምድ ቢኖረው የሚመረጥ፣ ቁርሱን በልቶ የሚመጣ። ወይዘሮ ፌቨን መነጽራቸውን አውጥተው እስከ መጨረሻው አነበቡት። መነጽራቸውን መልሰው ገቡ።

ያው ትሑቱ ወጣት ነው ያስተናገዳቸው። «እንኳን ደስ አለዎት እማማ!» አለ ከጠረጴዛው ማዶ። «ሰፈሩ ሁሉ ኮርቶብዎታል።»

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እፎይታ የምትሉት መንደር ውስጥ ሰው ሲወድቅ ምን ያደርጋሉ?»

ወጣቱ ሳቅ አለ። «እነሱማ ምን ያውቃሉ፣ ዝንጉዎች ናቸው። ሁሉም ይንጋጋሉ። አንድ ሰው ለማንሳት አምስት ስድስት ሆነው ይሮጣሉ፤ አንዳንዴም አብረው ይወድቃሉ። ያስቃሉም ያሳዝናሉም።»

«እዚያ ላከኝ።»

«እንዴ! አልፈዋል እኮ እማማ። አንደኛ ደረጃ ነዎት። ንቁ ሰው እዚያ አይላክም። ፈተና ካለፈ በኋላ ለመላክ ሦስተኛ ጥፋት ያስፈልጋል።»

ኤልዳና «እማ!» ስትል ወይዘሮ ፌቨን ጠረጴዛውን ዞረው ሄዱ። ሰው ሲጠጋ እንዲያስጠነቅቅ ከቤት ውጭ ሁሉም የሚያደርገው ጉትቻ የወጣቱ ጆሮ ላይ ተንቀጠቀጠ። ሦስቱን ክንድ ተሻግረው ፊቱ ቆሙ፤ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከሉለት፤ ከዚያ መዳፋቸውን ጉንጩ ላይ አሳረፉ። ወጣቱ ወደኋላ ማለት ነበረበት፤ አላለም። ከልጅነቱ ወዲህ ማንም ነክቶት አያውቅ ይሆናል። ዓይኑ እርጥብ ሆነ፤ እሱም ወዲያው ታወቀውና ወደ ግድግዳው ዞረ።

«በቃ» አሉት እናት። «ይሄው ጥፋት።»

ሲወጡ ኤልዳና መንገድ ላይ ቆመች። «ለምን? ይሄን ሁሉ ቀን ለምን ወደቅኩልሽ? ላንቺ ብዬ አይደለም ወይ?»

«ለኔ ብለሽ ነው። አውቃለሁ።»

«ታዲያ ተቀይመሽኝ ነው? ራሴን ስለነቀነቅኩ ነው?»

ወይዘሮ ፌቨን ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «አልተቀየምኩሽም። አንቺ ባትኖሪ ኖሮ እሄድለት ነበር። ቢሞትም እጄ ላይ ይሞት ነበር። ላንቺ ብዬ ቆምኩ። ካንቺ ጋር ከኖርኩ ነገም ላንቺ ብዬ እቆማለሁ፤ ከነገ ወዲያም። ሰው እያየሁት ሲሞት ላንቺ ብዬ እየቆምኩ መሞት አልፈልግም፣ ልጄ። ራሴን ነው የፈራሁት።»

በአጠገባቸው ሰዎች ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው አለፉ፤ ሁለት ሴቶች መንገድ ዳር ቆመው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲነጋገሩ አይተው ሰፋ አድርገው ዞሩ።

የሄዱት በታኅሣሥ መጀመሪያ ነው። የአንኮበር መንገድ ነፋስ ይበዛበታል። የመንደሩ በር ከብረት የተሠራ፣ ግራጫ ቀለም የተቀባ ነው። ጠባቂው ወይዘሮ ፌቨንን ጉትቻቸውን ከጆሯቸው እንዲያወልቁ ጠየቃቸው፤ አውልቀው ሰጡት። ከእንግዲህ ምንም አይጠየቁም፣ ቢጎዱም አይጠየቁም አላቸው። «እግዜር ይስጥልኝ» አሉት። ከበሩ ውስጥ የሰው ጫጫታ ይሰማል፤ ሰዎች አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረቡ የሚያወሩት ዓይነት ጫጫታ ነው። ኤልዳና እንዲህ ያለ ድምፅ ከሰማች ዘመን አልፏል።

ከዚህ በኋላ መገናኘት በመስታወት ነው። ሁለቱም ያውቁታል። ወይዘሮ ፌቨን የያዙትን ከረጢት መሬት ላይ አስቀመጡ። ጋቢያቸውን በሁለት እጃቸው ግራና ቀኝ ከፈቱት፤ ድሮ ኤልዳና ሕፃን ሳለች ከብርድ ሲያስገቧት እንደሚያደርጉት አድርገው ወደሷ መጡ።

ኤልዳና ፈለገች። በሕይወቷ ይህንን የሚያህል ነገር ፈልጋ አታውቅም። ጉትቻዋ ጆሮዋ ላይ ተንቀጠቀጠ። እግሯ አንድ እርምጃ ወደኋላ ሄደ፣ ሌላ እርምጃ ጨመረ፤ መዳፎቿ ተከፍተው ደረቷ ፊት ተዘረጉ። ሦስት ክንድ ሲሞላ ቆመች። ዓይኗ የእናቷን እጆች አየ፤ ቀጥሎ ከጀርባቸው ማን እንዳለ አየ። ይህንን ሁሉ ስታደርግ ታውቃለች፤ ልታቆመው ግን አልቻለችም።

ወይዘሮ ፌቨን ጋቢውን ከፍተው ነፋስ ላይ ጥቂት ቆሙ። ከዚያ ቀስ ብለው ሰብስበው ለበሱት፤ ከረጢታቸውን አነሱ።

«አይዞሽ» አሏት። «ብርድ ነው፣ ቶሎ ግቢ።»

ገቡ። ኤልዳና በሩ እስኪዘጋ ድረስ መዳፎቿን አላወረደችም።